ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆችና ታዳጊዎች ለምን ይዘገያሉ? ጊዜው የሚያልቅበትን ቦታ ለይቶ የመርዳት ዝርዝር መመሪያ

አእምሮ በዓይን ወይም በጆሮ የደረሰውን መረጃ ተቀብሎ፣ ትርጉሙን ተረድቶ፣ ምላሹን መርጦ እስኪያወጣ ድረስ የሚወስድበት ጊዜ መረጃ የማስተናገድ ፍጥነት ይባላል። የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ ችግር (ከዚህ በኋላ ኤዲኤችዲ እንለዋለን) ያለባቸው ልጆች፣ ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ፣ በዚህ ፍጥነት ከእኩዮቻቸው ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የሚውል ልጅ አእምሮው ጊዜ ይፈልጋል መባሉ ለአንዳንድ ወላጅ የማይዋጥ ቢሆንም፣ የአካል መፍጠንና የአእምሮ ሥራ መፍጠን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ የሚወረውር ልጅም መረጃውን በፍጥነት ያስተናገደ ሳይሆን ሳያስተናግድ የዘለለው ሊሆን ይችላል። እንቅስቃሴ የማያበዙ፣ በሐሳብ ጭልጥ የሚሉ፣ በዋናነት የትኩረት ማነስ ብቻ የሚታይባቸው ልጆችም አሉ። መዘግየቱ በአብዛኛው ጎልቶ የሚታየው በእነዚህ ላይ ሲሆን፣ ክፍል ስለማይረብሹ፣ በተለይ ሴት ልጆች ከሆኑ፣ ችግራቸው ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ይህ መመሪያ ለወላጆችና ለመምህራን የተጻፈ ነው። የሚከተለው መንገድ ልጁን ከማጣደፍ ይልቅ ጊዜው በየትኛው የሥራው ክፍል ላይ እንደሚያልቅ መፈለግና በዚያ ቦታ ላይ ሥራውን ማቅለል ነው፤ ምክንያቱም «ቶሎ በል» የሚለው ትእዛዝ ምንም ያህል ቢደጋገም ልጁን ያስጨንቀው ይሆናል እንጂ ፍጥነቱን አይጨምርለትም፤ ጭንቀቱም በበኩሉ ሌላ መዘግየት ያመጣል።

አንደኛ፦ ፍጥነትንና ችሎታን ለያይተው ይመልከቱ

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው የልጆች የአእምሮ ችሎታ መመዘኛዎች አንዱ የሆነውና 5ኛ እትሙ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የዌክስለር መመዘኛ የልጁን ችሎታ በ5 ዘርፎች ከፍሎ ይለካል፤ እነዚህም የቋንቋ ግንዛቤ፣ የእይታና የቦታ ግንዛቤ፣ አዲስ ነገርን የማመዛዘን ችሎታ፣ የሥራ ትውስታ (መረጃን ለአጭር ጊዜ በአእምሮ ይዞ የመሥራት ችሎታ) እና መረጃ የማስተናገድ ፍጥነት ናቸው። በእያንዳንዱ ዘርፍ አማካዩ ውጤት 100 ሲሆን፣ ከ3 ልጆች 2ቱ ያህል ከ85 እስከ 115 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛሉ። ፍጥነት ከአምስቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። አንድ ልጅ በቋንቋ ግንዛቤ 120፣ በፍጥነት ደግሞ 82 ቢያመጣ፣ ከዕድሜው በላይ የሚያስተውል ነገር ግን ያስተዋለውን ከዕድሜው በታች በሆነ ፍጥነት የሚያወጣ ልጅ ነው ማለት ነው። ስንፍና የሚል ስም በብዛት የሚወጣላቸው እንዲህ ያሉት ልጆች ናቸው፤ ጥሩ ሲናገሩ የሰማቸው ሰው ሁሉ ባዶ የፈተና ወረቀታቸውን ሲያይ ስላልፈለጉ ነው ብሎ ይደመድማልና።

መዘግየት ራሱን የቻለ የበሽታ ስም አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው 5ኛ የምርመራ መመሪያ ላይ ለኤዲኤችዲ ከተዘረዘሩት ምልክቶች ውስጥም የለም፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ኤዲኤችዲ ኖሮበት ፈጣን፣ ወይም ኤዲኤችዲ ሳይኖርበት ዘግየት ያለ ሊሆን ይችላል። ፍጥነቱ በዕድሜ እየጨመረ መሄዱም እርግጥ ነው፤ በልጅነት በፍጥነት፣ ከጉርምስና አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ቀስ እያለ ያድጋል። ይሁን እንጂ እኩዮቹም አብረው ስለሚፈጥኑ፣ ልጁ ከአምናው የተሻለ ሆኖ ሳለ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ያለው ልዩነት እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ጊዜው የት እንደሚያልቅ ይከታተሉ

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅና፣ በእኔ አመለካከት፣ ከሁሉም የበለጠ ፍሬ የሚሰጥ ነው። «ሲሠራ ይዘገያል» የሚለው አነጋገር በውስጡ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። የመጀመሪያው መጀመር አለመቻል ነው፤ ልጁ ደብተሩን ዘርግቶ፣ እርሳሱን ይዞ፣ ምንም ሳይጽፍ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል፤ አንዴ ከጀመረ ግን ሥራው ይሄድለታል። ሁለተኛው በመቀበል ላይ ያለ መዘግየት ነው፤ የተነገረው ወይም የተነበበው ነገር ወደ ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል፣ ልጁም ንግግሩ ካለቀ በኋላ «ምን አልክ?» ይልና እርስዎ ሳይደግሙለት መልሱን ራሱ ይሰጣል። ሦስተኛው በመምረጥ ላይ ያለ ሲሆን፣ ምን እንደሚጽፍ፣ በየትኛው ጥያቄ እንደሚጀምር ወይም የትኛውን ቃል እንደሚጠቀም መወሰን ያቅተዋል። አራተኛው የማውጣት መዘግየት ነው፤ መልሱን በቃል ወዲያው የሚናገር ልጅ በጽሑፍ ሲሆን እጁ አይታዘዝለትም።

እነዚህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክብደታቸው ተመሳሳይ የሆኑ ጥቂት ጥያቄዎችን ይምረጡና አንዳንዶቹን ልጁ ራሱ አንብቦ እንዲጽፍ፣ አንዳንዶቹን አንብቦ በቃል እንዲመልስ፣ ሌሎቹን ደግሞ እርስዎ አንብበውለት በቃል እንዲመልስ ያድርጉ። በቃል ሲመልስ ጊዜው በጉልህ ካጠረ ችግሩ ያለው በእጅ ጽሑፍ ላይ ወይም ሐሳብን በጽሑፍ በማደራጀት ላይ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ምንም ማሰብ የማይጠይቅ አጭር ጽሑፍ እንዲገለብጥ ይጠይቁት፤ መገልበጡም የሚያዘግየው ከሆነ ችግሩ ሐሳቡ ሳይሆን እጁ ነው። ሲነበብለት ብቻ የሚፈጥን ከሆነ የማንበብ ችሎታው መመርመር አለበት። ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ብቻ የሚፈጥን ከሆነ፣ ያ ሰው ምንም ሳይረዳው እንኳ፣ ጊዜው የሚባክነው በመጀመርና በትኩረት መቆራረጥ ነው። በሁሉም መንገድ እኩል የሚዘገይ ልጅ ደግሞ በመቀበልና በመምረጥ ላይ ጊዜ የሚፈልግ ነው።

ሙከራውን በተለያዩ ቀናት መድገም የግድ ነው። በኤዲኤችዲ ላይ የተደረጉ የምላሽ ፍጥነት ጥናቶች በተደጋጋሚ ያሳዩት ልጆቹ ሁልጊዜ በእኩል መጠን የሚዘገዩ አለመሆናቸውን፣ ይልቁንም ፍጥነታቸው ከቅጽበት ወደ ቅጽበት በእጅጉ የሚለዋወጥ መሆኑን ነው፤ አብዛኞቹ ምላሾቻቸው ከእኩዮቻቸው ብዙም ሳይለዩ፣ በመካከሉ የሚገቡ ጥቂት እጅግ የረዘሙ ምላሾች አማካይ ፍጥነታቸውን ወደ ታች ይጎትቱታል። ስለዚህ «ትናንት ሠርቶታል፣ ዛሬ የማይሠራው እምቢ ብሎ ነው» የሚለው ድምዳሜ፣ ወላጅን ቢያሳምንም፣ ከችግሩ ባሕርይ ጋር የሚጋጭ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ልጁ ሥራውን የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት፣ የሥራውን ዓይነት፣ እንዲሁም የሌሊቱን የእንቅልፍ ርዝመት በአንድ ወረቀት ላይ ቢመዘግቡ፣ ከየትኛውም ግምት የተሻለ ማስረጃ ይኖርዎታል፤ ይህ ወረቀት ወደ ባለሙያ ሲሄዱም ይጠቅማል።

አብሮ የሚታይ አንድ ነገር አለ። የሥራ ትውስታ መረጃን ለአጭር ጊዜ ብቻ ይዞ የሚያቆይ ስለሆነ፣ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ እስኪረዳ ድረስ መጀመሪያው የሚጠፋበት ልጅ ይኖራል። «ቦርሳህን አስቀምጥ፣ እጅህን ታጠብና ደብተርህን ይዘህ ና» የተባለ ልጅ ቦርሳውን አስቀምጦ ቆሞ ቢቀር አለመታዘዝ ይመስላል፤ የሆነው ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ትእዛዝ ከመድረሳቸው በፊት መጥፋታቸው ነው።

ሦስተኛ፦ ሌሎች ምክንያቶችን ያስመርምሩ

ኤዲኤችዲ መኖሩ ሌላ ችግር የለም ማለት አይደለም። ዓይንና ጆሮ ይመርመሩ። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ እንዲሁም በማንኮራፋት ወይም በትንፋሽ መቆራረጥ የሚታወክ እንቅልፍ ልጅን ያፈዝዛሉ። ለአለርጂ የሚሰጡ እንቅልፍ የሚያመጡ መድኃኒቶችና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም እንዲሁ። ጭንቀትና ድባቴ፣ እያንዳንዱን ፊደል አጥፍቶ ደጋግሞ የሚያስጽፍ ፍጹምነትን የመሻት ጠባይ፣ ዲስሌክሲያ (ማንበብን የሚያከብድ የመማር ችግር)፣ አፍ ባልፈቱበት ቋንቋ መማር፣ እነዚህ ሁሉ ከውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ መዘግየት ይመስላሉ።

ሁለት ነገሮች ግን ጊዜ አይሰጡም። አንደኛው ልጁ ሥራ ወይም ንግግር አቋርጦ ለጥቂት ሰከንዶች ፍዝዝ የሚልና፣ ሲጠሩትም ሲነኩትም የማይመልስ፣ ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ከሆነ ነው፤ በሐሳብ የጠፋ ልጅ ትከሻው ሲነካ ይመለሳል፣ ይህ ግን አይመለስም፤ የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት። ሁለተኛው ቀድሞ ፈጣን የነበረ ልጅ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ፣ ወይም ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ፣ መዘግየት ከጀመረ ነው። ኤዲኤችዲ ከ12 ዓመት በፊት ምልክት የሚያሳይና ቀስ በቀስ የሚገለጥ እንጂ በድንገት የሚመጣ አይደለም።

አራተኛ፦ የምርመራውን ውጤት በጥንቃቄ ያንብቡ

ፍጥነትን የሚለኩት የዌክስለር ሁለት ዋና ክፍሎች እያንዳንዳቸው 2 ደቂቃ የሚፈጁ ናቸው። በአንደኛው ልጁ ለእያንዳንዱ ቁጥር ወይም ቅርጽ የተመደበለትን ምልክት እያየ ይጽፋል፤ በሌላኛው የተሰጠው ምልክት ከተደረደሩት ውስጥ መኖር አለመኖሩን እየፈለገ ያመለክታል። የመጀመሪያው የእጅን ቅልጥፍና አጥብቆ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በእሱ ብቻ ዝቅ ያለ ውጤት የአእምሮ ሳይሆን የእጅ መዘግየት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያውን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ልዩነት አለ ወይ፣ ልጁ በዝግታ ግን ያለ ስህተት ነው የሠራው ወይስ እየተቻኮለ እየሳተ፣ በዕለቱስ መድኃኒቱን ወስዶ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። ጠቅላላ ውጤቱን ብቻ ይዘው እንዳይመለሱ፤ በዘርፎቹ መካከል ሰፊ ልዩነት ሲኖር አንዱ ድምር ቁጥር ስለ ልጁ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው።

አምስተኛ፦ በቤት ውስጥ ሥራውን ያቅልሉ

ከትእዛዝ አሰጣጥ ይጀምሩ። ከሌላ ክፍል ከመጣራት ይልቅ ቀርበው፣ ልጁ ዓይኑን ወደ እርስዎ እስኪመልስ ጠብቀው፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት፤ ከዚያም ዝም ይበሉ። ዝምታው ከባድ ነው፤ በልብዎ እስከ 10 መቁጠር ይረዳል። ልጁ አልመለሰም ብለው ያንኑ ነገር በሌላ አነጋገር ሲደግሙት፣ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሊጨርስ የደረሰ አእምሮ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው እንዲጀምር ያስገድዱታል። መድገም ካስፈለገ በዚያው ቃል ይድገሙት።

በየቀኑ የሚደጋገሙ ሥራዎችን ከንግግር ወደ ወረቀት ያሸጋግሩ። የጠዋቱ ተግባራት በቅደም ተከተል ተጽፈው፣ ለታናናሾቹ በሥዕል ተመልክተው፣ ልጁ በሚያልፍበት ቦታ ከተለጠፉ፣ ማስታወስና መምረጥ ከልጁ ጫንቃ ላይ ይወርዳሉ። ልብስና ቦርሳ ማታ ይዘጋጁ። በጠዋቱ ጥድፊያ ውስጥ የሚቀረው ውሳኔ ባነሰ ቁጥር ጊዜ ይተርፋል፤ ማልዶ መቀስቀስ ብቻውን ግን እንቅልፍ ስለሚቀንስ መዘግየቱን ያብሰዋል።

የቤት ሥራን በተመለከተ ከመምህሩ ጋር በገጽ ብዛት ሳይሆን በሰዓት ይስማሙ። ሌሎች ተማሪዎች በግማሽ ሰዓት የሚጨርሱትን አንድ ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራው ከሆነ፣ የተሰጠው ሥራ ተመሳሳይ አይደለም። የተወሰነው ጊዜ ሲያልቅ ወላጁ «እስከዚህ በራሱ ሠርቷል» ብሎ ቢፈርም፣ ወይም ከ20 ጥያቄዎች አንድ እየዘለለ 10ሩን ቢሠራ፣ መምህሩ ልጁ ትምህርቱን መረዳቱን ከዚያ ማወቅ ይችላል። የመጀመር ችግር ላለበት ልጅ የመጀመሪያውን ጥያቄ አብረውት ይሥሩና ይነሡ። ለመምረጥ የሚቸገረውን «ምን ልትጽፍ ነው?» ከማለት ይልቅ ሁለት አማራጭ ይስጡት። የእጅ ችግር ያለበት በቃል ይናገር፣ ወላጅ ይጻፍለት፣ ወይም በድምፅ ይቅዳ። ቀሪ ጊዜን በቀለም የሚያሳይ ሰዓት ጊዜ ለማይታያቸው ልጆች ጥሩ ነው፤ የሚጨነቁትን ግን ሽባ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ልጅዎን አይተው ይወስኑ።

ፍጥነትን በእውነት የሚጨምረው አንዱ መንገድ ልምምድ ነው፣ ያውም በዚያው ክህሎት ላይ። የማባዣ ሰንጠረዥን ሳያስብ የሚያውቅ ልጅ ሐሳቡን ለጥያቄው ያተርፋል፤ በኪቦርድ መጻፍን የለመደም እንዲሁ። ልምምዱ አጭር፣ በየቀኑ የሚደረግና ልጁ ከራሱ የትናንት ውጤት ጋር ብቻ የሚወዳደርበት ይሁን።

ስድስተኛ፦ ከትምህርት ቤቱ ጋር በተወሰነ ጥያቄ ይነጋገሩ

«ልጄን እርዱልኝ» የሚል አጠቃላይ ጥያቄ መልካም ፈቃድ ያገኝ ይሆናል እንጂ ለውጥ አያመጣም። መዝገብዎን ይዘው፣ ጊዜው በሚያልቅበት ቦታ ላይ የተመሠረተ አንድ ወይም ሁለት ነገር ይጠይቁ።

ከሁሉ የሚቀልለው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን፣ ይህን ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ደግሞ የተማሪዎች መልስ የሚረዝምና የሚሻሻል መሆኑን አሳይታለች። ጥናቱ ስለ ሁሉም ተማሪዎች ነበር፤ ለዘገየ ልጅ የዚያች 1 ሰከንድ ትርጉም ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። መምህሩ ልጁን የትኛውን ጥያቄ እንደሚጠይቀው አስቀድሞ ቢነግረውማ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከሰሌዳ መገልበጥ ለእነዚህ ልጆች የማየት፣ የማስታወስና የመጻፍ ሦስት ሸክም ነው፤ ማስታወሻውን በወረቀት ማግኘት ከቻሉ የመምህሩን ገለጻ መስማት ይችላሉ። በፈተና ላይ የሚሰጥ ተጨማሪ ጊዜ በብዙ የትምህርት ሥርዓቶች የተለመደ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 50 በመቶ ነው። ይሁንና ተጨማሪ ጊዜ ለሁሉም መድኃኒት አይደለም። በማውጣትና በመምረጥ ለሚዘገይ ልጅ ይሠራል፤ ትኩረቱ ለሚቆራረጥ ልጅ ግን ፈተናውን ማርዘም ድካሙን ማርዘም ስለሚሆን፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ በመካከሉ የሚሰጥ አጭር እረፍት ወይም የጥያቄ ቁጥር መቀነስ ይሻለዋል። አንድ ነገር ላይ ግን መጽናት ያስፈልጋል፤ ያልጨረሰውን ሥራ በእረፍት ሰዓት እንዲጨርስ ማድረግ በየትኛውም ትምህርት ቤት መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ እረፍትና እንቅስቃሴ ከማንም በላይ ይፈልጋልና።

ሰባተኛ፦ ከመድኃኒትና ከእንቅልፍ ተገቢውን ይጠብቁ

እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ ለኤዲኤችዲ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ትኩረትን ያሻሽላሉ፤ የምላሽ ፍጥነት መለዋወጥንም ይቀንሳሉ። ስለዚህ መዘግየቱ የመጣው ትኩረት እየተቆራረጠ ከሆነ ለውጡ ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ ያለው መዘግየት ግን በመድኃኒት አይወገድም፤ ፍጥነትን ፍለጋ መጠኑን ለመጨመር መገፋፋትም ተገቢ አይደለም። መጠኑን የሚወስነው የሚከታተለው ሐኪም ብቻ ነው፤ ልጁ በመድኃኒቱ ከወትሮው የበለጠ ፈዝዞ ከታየም ለሐኪሙ ይነገር።

የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት መጠን ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ከዚህ በታች የሚተኛን ልጅ ፍጥነት መለካት የድካሙን መጠን መለካት ነው። አእምሮን ያፈጥናሉ ተብለው የሚሸጡ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ልጁን በራሱ በጨዋታው ላይ ያፈጥኑታል፤ ወደ ክፍል ሥራ የሚሻገረው ጥቅም ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ገንዘቡን ለሌላ ያውሉት።

ስምንተኛ፦ ታዳጊው ጉዳዩን ራሱ እንዲይዝ ያዘጋጁት

በከፍተኛ ክፍሎች የንባብ ብዛት ይጨምራል፣ መምህራን ይበዛሉ፣ ወላጅም ከአጠገብ ይርቃል። በታችኛው ክፍል በማስተዋሉ ሲሸፍነው የኖረ ታዳጊ ችግሩ የሚገለጥበት ጊዜ ይህ ነው። ጉዳቱም በትምህርት አይወሰንም፤ በጓደኞች መካከል የሚናገረውን እስኪያዘጋጅ ጨዋታው ወደ ሌላ ይሻገራል፣ እሱም ዝምተኛ ወይም ኩሩ ተብሎ ይታለፋል። ብዙ ሰው ከሚሰበሰብበት ይልቅ ከአንድ ወይም ከሁለት ጓደኛ ጋር መዋል ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት ይመቻል። በቤት ውስጥም ጠብ በተነሣ ቁጥር «አሁኑኑ መልስልኝ» ማለት ዝምታን ወይም ያልታሰበበት ቁጣን ብቻ ያመጣል፤ ጉዳዩን ነግሮት በማግሥቱ መነጋገር የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ታዳጊው አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ገምቶ ይጻፍ፣ ሲጨርስም ትክክለኛውን ጊዜ ከጎኑ ያስፍር። ጥቂት ሳምንታት ሲደጋገም ከግምቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ራሱ ያውቃል፤ ዕቅዱንም በሰው ፍጥነት ሳይሆን በራሱ ፍጥነት ማውጣት ይጀምራል። ለመምህር የሚናገረውንም ቃል አብራችሁ አዘጋጁ፤ «ጥያቄው ገብቶኛል፣ ለመመለስ ግን ጥቂት ጊዜ ያስፈልገኛል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለብሔራዊና ለዓለም አቀፍ ፈተናዎች ተጨማሪ ጊዜ የሚፈቅዱ ተቋማት የባለሙያ ማስረጃን ከፈተናው ወራት አስቀድመው ስለሚጠይቁ፣ ማመልከቻውን ለመጨረሻው ዓመት ማቆየት አይገባም።

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜው ሲደርስ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ወጣት አሽከርካሪዎች ለአደጋ ያላቸው ተጋላጭነት ከእኩዮቻቸው ከፍ ያለ ነው፤ መዘግየት ሲጨመርበት፣ መንገድ ላይ ድንገት የሚገባን ነገር አይቶ ፍሬን እስኪይዙ ያለው ጊዜ ይረዝማል። የልምምዱን ጊዜ ማራዘም፣ ጸጥ ባሉ መንገዶች ላይ በቀን ብርሃን መጀመር፣ ስልክን አጥፍቶ ከኋላ ወንበር ማስቀመጥ፣ በመጀመሪያው ዓመት ጓደኞችን አለመጫን፣ መድኃኒት የሚወስድም ከሆነ መድኃኒቱ በሚሠራባቸው ሰዓታት ብቻ መንዳትን ከሐኪሙ ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ከፊት ካለው መኪና የሚጠበቀው ርቀትም ለጀማሪ አሽከርካሪ ከሚመከረው ሰፋ ያለ ይሁን።